ልጅ ሲያንኮራፋ፦ የእንቅልፍ ምርመራ ከየት ይጀምራል?

ልጅ ሲያንኮራፋ ቤተሰብ ይስቃል። «ቁርጥ አባቱን» ይባላል። አያት ካሉ ደግሞ «ሲሮጥ ውሎ ደክሞት ነው፣ ተዉት ይተኛበት» ይላሉ። አንዳንድ ቀን እውነትም ደክሞት ነው። ወይም ጉንፋን ይዞታል። ጉንፋን ሳይኖርበት በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ ልጅ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ፣ ልጅ ለመደበኛ ክትትል ሲመጣ ሐኪሙ «ያንኮራፋል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ይመክራል። ሁሉም ሐኪም ግን አይጠይቅም። ወላጅም ካልተጠየቀ አያነሳውም። ማንኮራፋት ሐኪም ቤት ያስኬዳል ብሎ ማን ያስባል?

የልጅ እንቅልፍ ምርመራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ገመድ የተተበተበበት ልጅና ትልቅ ማሽን ነው። ማሽኑ አለ፤ ወደ እሱም እንመጣለን። ማሽን የሚያስፈልጋቸው ልጆች ግን የተወሰኑ ናቸው። ለብዙዎቹ ፍንጩ የሚገኘው ወላጅ ሌሊት ካየው፣ ከጻፈውና በስልኩ ከቀረጸው ነው። ሐኪሙ ልጁን የሚያገኘው ቀን ነው፤ ነቅቶ፣ ምናልባትም ፈርቶ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ። ሌሊቱን የሚያውቀው ቤት ያለው ሰው ነው።

የሌሊቱ ችግር ቀን ሲታይ

አዋቂ ሰው ሌሊት በደንብ ካልተኛ ቀን ያንጎላጃል። ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ይቀዠቀዣል። በትንሹም በትልቁም ያለቅሳል። ከትምህርት ቤት «ቀልቡን አይሰበስብም» የሚል መልእክት ይመጣል። አንዳንዴም ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ሳይኖርበት አይቀርም ይባላል። ኤዲኤችዲ ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ ከእንቅልፍ ችግር ጋር አብሮም ሊኖር ይችላል። ግን ልጁ እንዴት እንደሚያድር ሳይጠየቅ ይህ ስም ከተለጠፈበት ምርመራው ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። አፉን ከፍቶ ይተኛል። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ ያድራል። ብርድ እያለ ትራሱ በላብ ይርሳል። ጠዋት «ራሴን አመመኝ» ይላል። ለወራት ደርቆ ያደረ ልጅ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። ደህና እየበላ ክብደት አልጨምር ይላል። ጥርስ ማፋጨትም አለ። እኛ ዘንድ ጥርሱን ለሚያፋጭ ልጅ ቶሎ የሚታሰበው የወስፋት መድኃኒት ነው። ወስፋት ካለበት ይታከም። ማፋጨቱ ከማንኮራፋት ጋር ከመጣ ግን ጉሮሮውም ይታይ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ቀላል ሒሳብ አለ፦ ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ይተኛል? የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ያስቀመጠው መጠን ይህ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት። ከ3 እስከ 5 ዓመት ከ10 እስከ 13። ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ9 እስከ 12። ከ13 እስከ 18 ዓመት ከ8 እስከ 10። እንግዲህ ቤተሰቡ ድራማ ጨርሶ ማታ 5 ሰዓት አብሮ የሚተኛ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጠው ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚቀሰቀስ የስምንት ዓመት ልጅ የሚያገኘው 7 ሰዓት ብቻ ነው። እሱን ሐኪም ቤት ከመውሰድ በፊት ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ይቀድማል። ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ የሰውነት ሰዓቱ ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል። ማታ እንቅልፍ እንቢ የሚለውና ጠዋት አልነሳ የሚለው ስንፍና ስላለበት ብቻ አይደለም።

ጉሮሮ ሲዘጋ

ከልጅ እንቅልፍ ችግሮች ውስጥ ቶሎ ሊታይ የሚገባው ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ነው፤ በእንቅልፍ ላይ እያሉ የትንፋሽ መቋረጥ። ከ100 ልጆች ከ1 እስከ 5 የሚሆኑትን ይይዛል። በሕክምናው ዓለም ብዙም አሮጌ ዕውቀት አይደለም። ክርስቲያን ጊይሚኖ የተባለው የስታንፎርድ ሐኪምና ባልደረቦቹ ስምንት ልጆች ላይ ያዩትን ጽፈው ያወጡት በ1976 ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉሮሮ ግራና ቀኝ ቶንሲል አለ። ከአፍንጫ ጀርባ ደግሞ አዴኖይድ የሚባል አለ፤ ብዙ ሰው የአፍንጫ ሥጋ የሚለው። ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ከመተንፈሻው ስፋት አንጻር ትልልቅ ናቸው። ልጁ ነቅቶ እያለ የጉሮሮ ጡንቻዎች መንገዱን ከፍተው ይይዙታል። ሲተኛ ይላላሉ። መንገዱ ሲጠብ ያንኮራፋል። ሲዘጋ ደግሞ ጸጥ ይላል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ኦክስጅን ሲቀንስ አንጎል ለአፍታ ይቀሰቅሰዋል፤ ያቃስታል ወይም ይገላበጣል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም። ይህ በየሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ግን ስምንት ሰዓት ቢተኛም እንዳልተኛ ነው። ብዙ ቆይቶ ከባድ ከሆነ የሳንባ ደም ሥሮችን ግፊት ጨምሮ ልብን እስከመጉዳት ይደርሳል።

ቤት ውስጥ እንዴት ይታያል? ብዙ ወላጅ ልጁ እንደተኛ በሩን ገርበብ አድርጎ ያዳምጥና «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ልጆች ላይ ትንፋሽ የሚዘጋው ግን በብዛት ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ የሚረዝመው ወደ ንጋት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሁለት ቀን ስልክዎን ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይደውል ብለው ይሙሉት። ብርድ ልብሱን ወረድ፣ ልብሱን ገለጥ አድርገው ደረቱንና ሆዱን ይመልከቱ። ደህና ሲተነፍስ ደረትና ሆድ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ጉሮሮ ሲጠብ ሆዱ ሲነሳ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከጎድን አጥንቱ በታችና ከአንገቱ ሥር ያለው ቆዳ ይሰረጉዳል። ማንኮራፋቱ ድንገት ቆሞ ጸጥ ካለ፣ ቀጥሎም እንደ መታነቅ ያለ ድምፅ አውጥቶ ከተነፈሰ፣ እሱን ይቅረጹ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ፊቱ ብቻ ሳይሆን ደረቱም ይታይ። ድምፁ እንዲሰማ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ።

ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ነቅቶም ለመተንፈስ ከታገለ ግን ቀረጻውም ቀጠሮውም ይቆይ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ጩኸት፣ ጉንዳንና ዱካክ

ሌሊት ተነስቶ የሚጮህ ልጅ ቤቱን በሙሉ ያስደነግጣል። ጸበል የሚወስድ አለ፣ ዓይነ ጥላ ነው የሚል አለ። ጸበሉን መውሰድና ሐኪም ማማከር አይጣሉም፤ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰዓቱን ነው። ልጁ ከተኛ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ ከጮኸ፣ እናቱን ካላወቀ፣ ሲያቅፉት ከተወራጨ፣ ጠዋትም ምንም ካላስታወሰ የእንቅልፍ ድንጋጤ ነው። ከጥልቅ እንቅልፍ ግማሹ ብቻ ሲነቃ የሚመጣ ነው። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ልጅም ከዚሁ ዘመድ ነው። አብዛኛው ሲያድግ ይተወዋል። አይቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ ብቻ ይጠብቁት፤ በሩን ይቆልፉ። ወደ ንጋት ተነስቶ «ጅብ አባረረኝ» ብሎ የሚነግርዎት ልጅ ግን ቃዥቶ ነው። እሱ ያውቅዎታል፣ መታቀፍም ይፈልጋል።

ከሁለቱም የሚለየው ሦስተኛው ነው። ነገሩ አጭር ከሆነ፣ በየጊዜው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ከሆነ፣ በአንድ ሌሊትም ደጋግሞ ከመጣ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የስልክ ቪዲዮ ዋጋው ትልቅ ነው። ሐኪሙ የአንጎል ሞገድ ምርመራ ሊያዝ ይችላል።

ማታ ማታ «እግሬን እሺልኝ» የሚል ልጅ ደግሞ አለ። እግሬን ጉንዳን ይሄድበታል፣ ይነዝረኛል ይላል። አልጋ ላይ አርፎ አይተኛም፤ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ይሻለዋል። እያደገ ስለሆነ ነው ተብሎ ይታለፋል። ዕረፍት የለሽ እግር የሚባል ችግር ሊሆን ይችላል፤ በቤተሰብም ይወርዳል። እናትየው በእርግዝና ጊዜ እንዲህ ያለ ስሜት እንደነበራት ብትጠየቅ ብዙ ጊዜ ታስታውሳለች። ምርመራው የደም ነው፤ ፌሪቲን የሚባለው የብረት ክምችት ይለካል። «ደሙ ደህና ነው» ተብሎ ሔሞግሎቢኑ ልክ ሆኖ ክምችቱ ግን ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ልጅ ፌሪቲኑ ከ50 በታች ከሆነ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የብረት መድኃኒት ይሰጣሉ። ሳይለኩ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት ግን አይገባም፤ ብረት ሲበዛ ልጅን ይመርዛል። በነገራችን ላይ ጤፍ ብረት አለው፤ ከምግብ ጋር ሻይ ሲጠጣ ግን ወደ ሰውነት የሚገባው ይቀንሳል። ሻዩ ለእንቅልፍም አይበጅም። ማታ ዳቦ በሻይ ለሚበላ ልጅ ሻዩን በውሃ መቀየር ወጪውም ቀላል ነው።

ጎረምሳ ልጅ «ዱካክ ተጫነኝ» ካለ፣ ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ አቅቶት ማለት ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ አያስፈራም፤ እንቅልፍ ማጣት ያመጣዋል። ዱካኩ ላይ ቀን እንቅልፍ ድንገት የሚጥለው ከሆነ፣ ሲስቅም ጉልበቱ የሚከዳው ከሆነ ናርኮሌፕሲ መኖሩ ይመርመር። እሱ ብርቅ ነው፤ ግን ስሙን ሳያውቁት ልጁ ለዓመታት «እንቅልፋም» እየተባለ ይኖራል።

ከቀጠሮው በፊት

ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። ደብተር ላይ ይበቃል። መቼ አልጋ ገባ፣ በግምት መቼ እንቅልፍ ወሰደው፣ ስንት ጊዜ ተነሳ፣ መቼ ነቃ፣ ቀን ተኛ ወይ፣ ሻይ ወይም ኮካ ጠጣ ወይ። ቅዳሜና እሑድ ይለያሉ፤ እነሱም ይጻፉ። እናት በማታ ሺፍት ሠርታ አባት ወይም አክስት የሚያስተኛው ከሆነ ያስተኛው ሰው ይጻፍ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠይቋቸው አምስት ነገሮች ናቸው፦ አልጋ መግባት ያስቸግራል ወይ፣ ቀን እንቅልፍ ይጫነዋል ወይ፣ ሌሊት ይነሳል ወይ፣ ሰዓቱ ቋሚ ነው ወይ፣ ያንኮራፋል ወይ።

ውጭ አገር ላሉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰዓቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይጻፉ። «ማታ 3 ሰዓት ይተኛል» ያሉትን አስተርጓሚው እንዳለ ካስተላለፈው ሐኪሙ የሚሰማው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት ነው። በዚህ ብቻ ደህና የሚተኛ ልጅ እንቅልፍ አልባ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህ የቋንቋ ችሎታ ጉዳይ አይደለም፤ ጎበዝ አስተርጓሚም ይሳሳተዋል።

ሌላው፣ ልጁ የት ነው የሚተኛው ተብለው ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ። ብዙ የእኛ ቤተሰብ ልጆቹን አቅፎ ነው የሚያድረው። አንዳንድ ወላጅ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ «ልጄን ይወስዱብኛል» ብሎ ፈርቶ «የራሱ ክፍል አለው» ይላል። ከእናቱ ጋር የሚተኛ የአምስት ዓመት ልጅ ለሐኪሙ አስደንጋጭ አይደለም። እንዲያውም አጠገቡ የሚያድር ሰው ከማንም በላይ ጥሩ ምስክር ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ምክሩ ሌላ ነው፦ ወላጆቹ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ አልጋ፣ በጀርባው።

የመጀመሪያው ሐኪም የሕፃናት ሐኪም ነው። ቁመትና ክብደቱን ይለካል፣ አፉን አስከፍቶ ቶንሲሉን ያያል፣ ልቡን ያዳምጣል። ቶንሲል ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጠዋል፤ አራት ማለት ሁለቱ ሊነካኩ ደርሰዋል ማለት ነው። ትልቅ ቶንሲል ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ቶንሲሉ ትልቅ ሆኖ ደህና የሚተኛ አለ፤ ትንሽ ሆኖ የሚታነቅም አለ። ከዚያ ሪፈር ወደ አንገት በላይ ሐኪም ወይም ወደ እንቅልፍ ክሊኒክ ይሆናል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ምልክት ባይታይበትም አራት ዓመት ሳይሞላው የእንቅልፍ ጥናት እንዲሠራለት ይመከራል።

አሜሪካ ከሆኑ ኢንሹራንሱ ቀድሞ እንዲፈቅድ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «ፈቃዱ መጥቷል?» ብለው ከቀኑ በፊት ይደውሉ። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያለው ልጅ እስከ 21 ዓመቱ በሕክምና አስፈላጊ የሆነ ምርመራ ይሸፈንለታል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አያድርጓት። እስራኤል ከሆኑ ከኩፓት ሆሊም (ከጤና መድን ድርጅቱ) ሐኪም ሃፍናያ፣ ማለትም ሪፈር ይዘው፣ ሆስፒታል የሚሠራ ከሆነ ቶፌስ 17 የሚባለው የመክፈያ ዋስትና ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የምርመራዋ ሌሊት

የእንቅልፍ ጥናት፣ ዲያስፖራው «ስሊፕ ስተዲ» የሚለው፣ ይህ ነው። ልጁ ማታ ሆስፒታል ይገባል፣ አንድ ወላጅ አብሮት ያድራል። መርፌ የለም፣ ማደንዘዣ የለም፣ የሚያስተኛ መድኃኒትም አይሰጥም፤ የሚፈለገው የራሱ እንቅልፍ ነው። ክፍሉ አልጋና ካሜራ ያለው ተራ ክፍል ነው። ቴክኒሻኑ ጭንቅላቱን በሜትር ይለካል፣ ቦታዎቹን በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ቆዳውን ፈተግ አድርጎ ትንንሽ የብረት ሳህኖችን በሚያጣብቅ ቅባት ይለጥፋል። ራስ ላይ የአንጎል ሞገድ ይለካል። ከዓይን አጠገብ የዓይን እንቅስቃሴ። አገጭና እግር ላይ ጡንቻ። ደረት ላይ ልብ። በደረቱና በሆዱ ዙሪያ ሁለት ቀበቶ ይታሰራል፤ ያ ቤት ያዩትን የደረትና የሆድ ጨዋታ በመስመር የሚጽፈው እሱ ነው። አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ ቀይ መብራት ያለው ኦክስጅን መለኪያ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ገመዶቹ ተሰብስበው እንደ ጅራት ከኋላ ይታሰራሉ።

ብዙ ልጆች አፍንጫ ላይ ያለውን ቱቦ ነው የሚጠሉት። እየነቀሉ ይጥሉታል፤ ቴክኒሻኑ ከተኙ በኋላ ገብቶ ይመልሰዋል። ቤት እያሉ ጥቂት ቀን አስቀድመው ፕላስተር ግንባሩ ላይ እየለጠፉ ማለማመድ ይረዳል። የራሱን ፒጃማና የለመደውን ብርድ ልብስ ይያዙ። የሴት ልጅ ሹሩባ ጉዳይም አለ፤ ማንም አይነግርዎትም። ቅባት ወይም ቅቤ የነካው ፀጉር ላይ ገመዱ አይያዝም። ጥብቅ ሹሩባም የራስ ቅሉን ይሸፍናል። ከቀኑ በፊት ደውለው ይጠይቁ፣ ፀጉሯን አጥበው ያለ ቅባት ይውሰዷት።

ከዓይን አጠገብ የሚለጠፈው ገመድ ታሪኩ ከልጅ ነው የሚጀምረው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ዩጂን አሴሪንስኪ የስምንት ዓመት ልጁን አርመንድን ማሽን ላይ አስሮ ሲያስተኛው፣ ዓይኖቹ ከሽፋናቸው ሥር በፍጥነት ሲንቀሳቀሱ መዘገበ። ሕልም ከሚታይበት እንቅልፍ ጋር ዓለም የተዋወቀው በዚህ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1953 ነው።

ጠዋት ቴክኒሻኑን «እንዴት ነው?» ቢሉት አይነግርዎትም፤ አይከፉበት። የሌሊቱ መዝገብ በ30 ሰከንድ እየተቆረጠ ይነበባል። ስምንት ሰዓት የተኛ ልጅ 960 ቁራጭ አለው፤ እያንዳንዱን ሰው ያየዋል። ውጤቱ ላይ ዋናው ቁጥር በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሹ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ የሚናገረው ነው። እዚህ ጋ ልብ ይበሉ። አዋቂ ላይ ከ5 በታች ደህና ነው ይባላል። ልጅ ላይ በሰዓት 1 እንኳ ከደረሰ ልክ አይደለም። ከ1 እስከ 5 ቀላል፣ እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ10 በላይ ከባድ ነው። አዋቂ ላይ ትንፋሽ ቆመ የሚባለው ለ10 ሰከንድ ሲቆም ነው፤ ልጅ ላይ ሁለት ትንፋሽ ካመለጠው ይቆጠራል። በአዋቂ መለኪያ የተነበበ የልጅ ውጤት ስለዚህ አያስተማምንም። ምርመራው የሚሠራበት ቦታ ልጆችን የሚያይ መሆኑን ይጠይቁ። ቤት ወስደው የሚያደርጉት የአዋቂዎች መሣሪያም ለልጅ አይመከርም። እንቅልፍ እለካለሁ የሚለው የእጅ ሰዓትማ ይቅር።

ላብራቶሪው በሌለበት

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ላብራቶሪ እምብዛም አይገኝም። ይህ ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አንገት በላይ ሐኪም በታሪኩ፣ በቪዲዮውና በምርመራው ብዙ መወሰን ይችላል። አዴኖይዱን በጎን በኩል በሚነሳ ራጅ ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ያየዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ ኦክስጅን መለኪያ ከተገኘም ይጠቅማል። በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ያወቀው፣ ለደቂቃ ጣት ላይ የሚደረገው ግን ለዚህ አይበቃም። የሚፈለገው ሌሊቱን ኦክስጅን ደጋግሞ መውረድ አለመውረዱ ነው። ደጋግሞ ከወረደ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ካልወረደ ግን ችግር የለም ማለት አይቻልም፤ ቀለል ያለውን መሣሪያው አይይዘውም። ከፍታም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛ ልጅ ኦክስጅንም ባሕር ጠለል ላይ ካለው ትንሽ ዝቅ ይላል። ውጭ የተጻፈ ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ያሳስታል።

ቶንሲል ይውጣ ሲባል

ችግሩ ከተረጋገጠና ቶንሲልና አዴኖይዱ ትልቅ ከሆኑ የመጀመሪያው ሕክምና ብዙ ጊዜ ኦፕሬሽን ነው። ይህን ሰምቶ «እንጥል ማስቆረጥ አይደል? ሰፈር ውስጥ የሚቆርጡ አሉ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አይደለም። እንጥል መሐል ላይ የምትንጠለጠለው ናት፤ መንገዱን የዘጋችው እሷ አይደለችም። ሰፈር ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ደም አፍስሶ፣ ኢንፌክሽን አምጥቶ ልጅ ገድሏል። ኦፕሬሽኑ በማደንዘዣ፣ በሆስፒታል፣ ቶንሲሉንና አዴኖይዱን ማውጣት ነው።

ሁሉም ልጅ ዛሬውኑ ይቆረጥ ማለት ግን አይደለም። በ2013 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቶሎ ኦፕሬሽን ተደረጉ፣ ግማሾቹ በክትትል ቆዩ። ከሰባት ወር በኋላ ከተቆረጡት 79 ከመቶ፣ ካልተቆረጡት 46 ከመቶ የእንቅልፍ ጥናታቸው ልክ ሆነ። ኦፕሬሽኑ ይበልጣል። ጠባያቸውና ውሏቸውም በተቆረጡት ላይ የበለጠ ተሻሻለ፤ በትኩረት ፈተናው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ባይቆረጡም ከግማሽ ትንሽ ያነሱት ተሽሏቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ቀላል ከሆነ፣ ልጁም ቀን ደህና ከሆነ «ጥቂት ወር ብንጠብቅስ? የአፍንጫ ስፕሬይ ብንሞክርስ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም። ከባድ ከሆነ አያዘግዩት።

ከኦፕሬሽን በኋላ ስለ ሕመም ማስታገሻ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ኮዴይን አለበት ወይ? ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሞርፊን ይቀየራል። አንዳንድ ሰው ይህን የሚያደርገው እጅግ በፍጥነት ነው። ሞርፊኑ ሲበዛ ትንፋሽ ያዘገያል፤ ትንፋሹ ቀድሞም ችግር ያለበት ልጅ ሊሞት ይችላል። በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩ ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶዎቹ ለዚህ ፍጥነት ምክንያት የሆነው ጂን (ዘረ መል) ከተለመደው በላይ ተደጋግሞ ተገኝቶባቸዋል፤ ከአውሮፓውያን በብዙ ይበልጣል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ቶንሲል ለወጣላቸው ልጆች ኮዴይንን ከለከለ፣ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ። ኢትዮጵያም በ2015 አግዳዋለች። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ዘራችሁ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሐኪሙ ላያስበው ይችላልና እርስዎ ያንሱት።

ጉሮሮው ለአንድ ሁለት ሳምንት ያመዋል። ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ። ደም ከፈሰሰው ብዙ ጊዜ ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ይዘውት ወደ ሆስፒታል ይመለሱ። ማንኮራፋቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ እብጠቱ እስኪወርድ ነው። ሁለት ወር ገደማ አልፎት አሁንም ካንኮራፋ፣ ቀድሞ ቁጥሩ ከባድ ከነበረ፣ ወይም ክብደቱ ከመጠን በላይ ከሆነ ጥናቱ ይደገምለት። ቀሪ ችግር ካለ በጭንብል አየር የሚገፋ ማሽን አለ፤ ልጆችም ይለምዱታል። ያኔም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ያንኑ ነው፦ ቪዲዮ አለዎት?